ሜዲኩ ከዜሮ ይጀምር?

(ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ሲስተር አዲስ አበባ ነርስነት ተምረው፣ ሜሪላንድ ሲገቡ እንደገና ተምረው፣ ዛሬ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሶችን የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ወታደሩ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር በዲቪ አሜሪካ ገብቶ፣ በጦሩ ውስጥ በሜዲክነት አገልግሎ የተሰናበተ ወጣት ነው።)

ወታደሩ፦ እውነቱን ልንገርዎት ሲስተር፣ የመጣሁት እናቴ ስለጨቀጨቀችኝ ነው። እኔ ነርሲንጉን ትቼዋለሁ።

ሲስተር፦ ሳትጀምረው?

ወታደሩ፦ ስድስት ዓመት ስሠራው የኖርኩት ምን ሆነና! ኮሌጁ ግን የጦሩን ትራንስክሪፕቴን አየና የስፖርት ክሬዲት ሰጠኝ። ሮጠሃል፣ ፑሽ አፕ ሠርተሃል፣ ስፖርት መውሰድ አያስፈልግህም አሉኝ። ደም ማቆሙ፣ አይ.ቪ. መትከሉ፣ ደረት ውስጥ የታፈነ አየር በመርፌ ማስወጣቱ ሁሉ «ኢሌክቲቭ» ተብሎ አንድ ጥግ ተጻፈ። ለነርሲንግ ዲግሪው ቅንጣት አይቀንስም።

ሲስተር፦ ስፖርቱን እንኳ አትናቀው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመህ ስትሠራ ታመሰግናቸዋለህ። በል፣ ወረቀቱን ማን አየልህ?

ወታደሩ፦ ሬጅስትራር።

ሲስተር፦ እሱማ የሚያየው ኮድ ነው። አሜሪካን ካውንስል ኦን ኤጁኬሽን የሚባለው ድርጅት የጦሩን ኮርሶች እየመረመረ «ለዚህ ይህን ያህል ክሬዲት ይገባል» ይላል። ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የሚቀበለውም የማይቀበለውም ኮሌጁ ነው። በተቀበለው ላይ ደግሞ «ከየትኛው ኮርስ ጋር እኩል ነው?» የሚለውን የሚወስነው ትምህርት ክፍሉ ነው። ሬጅስትራር ምን እንደሆነ ሲጠፋው ኢሌክቲቭ ይለዋል፤ ለእሱ የሚቀለው እሱ ነው። የነርሲንግ ክፍል ኃላፊዋ ዘንድ ቀጠሮ ይዘህ፣ የሥልጠናህን ዝርዝር ይዘህ መግባት ነበረብህ፤ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በልምምድ፣ በምን ተፈተንክ።

ወታደሩ፦ አሥራ ስድስት ሳምንት ነው፣ ቴክሳስ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን። የመጀመሪያው ክፍል ኢ.ኤም.ቲ.፣ የድንገተኛ ሕክምናው ነው፤ አገር አቀፉን ፈተና ያላለፈ አይቀጥልም። ከዚያ በኋላ ያለውን «ዊስኪ» እንለዋለን፣ የሙያው ቁጥር 68 ዊስኪ ስለሆነ። እሱ የጦር ሜዳው ነው። ድንኳን ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ጭስ ውስጥ፣ በላይህ ላይ እየተጮኸብህ። መጀመሪያ የሚፈሰውን ደም ታቆማለህ፤ ቀጥሎ የመተንፈሻ ቧንቧውን፣ ትንፋሹን፣ የደም ዝውውሩን፤ በመጨረሻ እንዳይበርደው ትሸፍነዋለህ፣ ጭንቅላቱንም ታያለህ። በእንቅልፌ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ሲስተር፦ ምጥ የያዛት ሴትስ?

ወታደሩ፦ በእጄ ደርሳ አታውቅም።

ሲስተር፦ አስም የተነሣበት የሦስት ዓመት ልጅ? አሥራ አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚውጡ የሰማንያ ዓመት ሴትዮ?

ወታደሩ፦ ጦር ውስጥ የሰማንያ ዓመት ሴትዮ የለችም ሲስተር። ሜዳ ካልወጣን ጠዋት ጠዋት የታመመ ወታደር ይመጣል፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ጉንፋን። መድኃኒቱም ያው ነው፤ ሞትሪንና ውኃ።

ሲስተር፦ (እየሳቁ) እንግዲያው ሬጅስትራሩ ላይ ብቻ አትፍረድ። ያለህ ዕውቀት ጥልቅ ነው፣ ግን ጠባብ ነው። የእናቴ ወንድም በደርግ ጊዜ የጦሩ ድሬሰር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲበተን፣ እሱም መርፌ የመውጋት ችሎታውን ይዞ አገር ቤት ገባ። የሚፈትነው ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ የጎደለህን እንሙላ የሚለው ሰው አላገኘም። ገበሬው ግን «ዶክተር» አለው። በቁስል ማጠብማ የሚስተካከለው አልነበረም። ሕፃን ሲያመጡለትም ወጋ፣ እርጉዝ ሲያመጡለትም ወጋ። የማያውቀውን አለማወቁን የሚነግረው ሰው አልነበረማ።

ወታደሩ፦ እኔ ያለ ፈቃድ ልሥራ አላልኩም። አሁንም የምሠራው በኢ.ኤም.ቲ. ላይሰንሴ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ የኩላሊት በሽተኞችን ወደ ዲያሊስስ በአምቡላንስ አመላልሳለሁ። አፍጋኒስታን ሳለሁ ሰው በእጄ ይድን ነበር፤ እዚህ አልጋ እየገፋሁ ነው የምውለው።

ሲስተር፦ እነዚያ በሽተኞችህ ሙዝ ለምን ይከለከላሉ?

ወታደሩ፦ ፖታሲየም አለበት ይላሉ።

ሲስተር፦ ቢኖርበትስ?

ወታደሩ፦ ልብ ያቆማል።

ሲስተር፦ እንዴት አድርጎ? አየህ፣ እዚህ ላይ ዝም አልክ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለትን፣ ማይክሮባዮሎጂን ዝለል የማልልህ ለዚህ ነው። በጦሩ ሥልጠና ውስጥ እነዚህ በዚህ ልክ የሉም። እንግሊዝኛውን፣ ሳይኮሎጂውን ግን ክፍል ሳትገባ ክሬዲት በሚያሰጠው በክሌፕ ፈተና ማለፍ ትችላለህ፤ የፈተናውን ክፍያ ለቬተራን ትምህርት የሚከፍለው ጂ.አይ. ቢል ይመልስልሃል። በእነዚያ ሴሚስተር አታባክን።

ወታደሩ፦ እሺ፣ ሳይንሱን ልማር። ክሊኒካሉስ? አልጋ ማንጠፍ፣ ደም ግፊት መለካት፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ?

ሲስተር፦ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ የባሕር ኃይል ኮርፕስማን፣ እንደ አንተው ሜዲክ፣ ከማሪኖች ጋር የዘመተ። የመጀመሪያው ክሊኒካል ነርሲንግ ሆም ነው። አንድ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ ደረሱት። ሌሎቹ ማሽኑን ሳይከፍቱ እሱ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ትንፋሹን ለክቶ፣ ጽፎ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ቀጣዩን ስጪኝ ይለኛል። «ካልሲያቸውን አውልቀሃል?» አልኩት። አላወለቀም። አብረን ገባን፤ ተረከዛቸው ጠቁሯል፣ ቆስሏል። ስኳሩ ነርቫቸውን ስለጎዳው አያማቸውም፤ ስለማያማቸው አይናገሩም። የአንተ በሽተኛ ይጮኻል ልጄ፤ የእኛ ዝም ይላል።

ወታደሩ፦ እሱንስ አልቀበልዎትም። የሚጮኸው እኮ እየተነፈሰ ነው። እኛ ቀድመን የምንሮጠው ዝም ወዳለው ነው።

ሲስተር፦ ...እሺ።

ወታደሩ፦ ደግሞም ያ ልጅ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ልብሱን በመቀስ ቀዶ፣ ከራስ እስከ እግር ጥፍር በእጁ ዳብሶ ነበር የሚፈትሸው። የተማረው እንደዚያ ነው። በብርድ ነው፣ በዝናብ ነው አይልም። ሰው ያላየው ቀዳዳ እንዳይቀር ጀርባውን ሳይቀር ያገላብጠዋል። ነርሲንግ ሆም ሲገባ ካልሲ ማውለቅ ለምን ጠፋው? «ከዜሮ ጀምር» ስለተባለ ነዋ! ጦሩ ያስተማረህን እርሳ፣ እዚህ ሌላ ነው ሲሉት ረሳው።

ሲስተር፦ በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። ግን እውነትህን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚነገራቸው ይኸው ነው፤ «ይህ ጦር ሜዳ አይደለም»። ለትዕቢታቸው ልጓም ይሆናል ተብሎ የሚነገር ነገር ነው። ብዙዎቹ ግን ትእዛዝ አክባሪ ስለሆኑ የተባሉትን ያደርጋሉ፤ ሙያውን ከዩኒፎርሙ ጋር ሻንጣ ውስጥ ይከቱታል። እንግዲህ «ሽማግሌውን ከሄሊኮፕተር እንደወረደ ቁስለኛ ፈትሸው፣ ልዩነቱ መቀስ አለመያዝህና ቀስ ብለህ ማናገርህ ነው» ቢባል ኖሮ ካልሲውን ያወልቅ ነበር።

ወታደሩ፦ እንግዲህ እኔ የምለው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ይፈትኑን። ያወቅነውን ይያዙልን፣ ያላወቅነውን ያስተምሩን።

ሲስተር፦ እሱን የጀመሩ አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሄርሳ የሚባለው የፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤት ቬተራኖችን በባችለር ለሚያስመርቁ ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ መስጠት ጀመረ። የጦር ሥልጠናቸውን ለክታችሁ ክሬዲት ስጡ፣ የሚደግፋቸው ሰው መድቡ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት እዚህ ሜሪላንድም ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች የጦሩን ሥልጠና እንዲቆጥሩ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በጦሩ ውስጥ በቂ የአልጋ ላይ እንክብካቤ የሠራ ሜዲክ ለፕራክቲካል ነርስነት ፈተና እንዲቀመጥ ትፈቅዳለች። ችግሩ ሕጉ ላይ አይደለም ማለት ይቻላል። ሕጉ አለ፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ አላነበበውም።

ወታደሩ፦ ባንዲራ ሰቅለው ቡና ያስቀመጡበት ቢሮ ግን አላቸው። «ስለ አገልግሎትህ እናመሰግናለን» ይሉሃል።

ሲስተር፦ ቡናውን ጠጣ። ግን እዚያ ቢሮ ውስጥ ሰርቲፋይንግ ኦፊሻል የሚባል ሰው አለ፤ ለአንተ ከዲኑ ይበልጣል። የጂ.አይ. ቢልህን ወረቀት ለቬተራንስ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው እሱ ነው። ስንት ወር ቀርቶልሃል?

ወታደሩ፦ ሠላሳ ስድስቱም አለ። አንድ ቀን አልነካሁም።

ሲስተር፦ ተመስገን። አሁን በደንብ ስማኝ፤ የሚያለቅሱ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው። 36 ወር ማለት ዓመቱን በ9 ወር ስትቆጥረው አራት የትምህርት ዓመት ነው። አካውንቲንግ ለሚማር ልክክ ይላል። ነርሲንግ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። መጀመሪያ ፕሪሪኪዚቶቹን፣ ቀድመው የሚያስፈልጉትን ኮርሶች ትጨርሳለህ፤ ከዚያ ትፈተናለህ፣ ታመለክታለህ፤ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ላይቀበሉህ ይችላሉ፤ ትጠብቃለህ። ስትጠብቅ ደግሞ ኪራዩ አይጠብቅህም። ከጂ.አይ. ቢሉ ጋር ያለው የቤት አበል የሚከፈልህ ከግማሽ በላይ ኮርስ ከወሰድክ ብቻ ስለሆነ፣ ልጆቹ አበሉ እንዳይቋረጥ የማያስፈልጋቸውን ኮርስ ይይዛሉ። ወሩ ይቆጥራል። የነርሲንጉ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሲደርሱ፣ ሥራ መሥራት በማይቻልበት በዚያ ዓመት፣ ወራቸው አልቋል።

ወታደሩ፦ የማያስፈልግ ኮርስ ጂ.አይ. ቢል አይከፍልም ብለውኝ ነበር።

ሲስተር፦ አይከፍልም። በዲግሪው ዝርዝር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ዲግሪውን ይቀይራሉ፤ «ጄኔራል ስተዲስ» ይሆኑና ይከፈልላቸዋል። ከዚያ ወደ ነርሲንግ ሲመለሱ ግማሹ አይቆጠርም። ሌላው ኮርስ መጣል ነው። ማይክሮባዮሎጂ ከበደኝ ብለህ መሐል ላይ ብትጥለው፣ የተከፈለልህን መልስ የሚል የዕዳ ደብዳቤ ቤትህ ይመጣል። ሳትነግረው ምንም ነገር አትጣል፤ ለሰርቲፋይንግ ኦፊሻሉ ነው የምልህ።

ወታደሩ፦ ኦንላይን ልውሰደው ብዬ አስቤ ነበር፤ ሥራዬን እንዳልለቅ።

ሲስተር፦ ሁሉንም ኦንላይን ካደረግከው አበሉ የአገር አቀፉ አማካይ ግማሽ ይሆናል። አንድ ኮርስ እንኳ በአካል ብትገባ በካምፓሱ ዚፕ ኮድ ይሰላልሃል፤ የሲልቨር ስፕሪንግን ኪራይ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። በሴሚስተሮች መካከል ባለው ዕረፍት ደግሞ አይከፈልም። የገና ሰሞን ሁልጊዜ ብር አበድሪን ብለው የሚጠይቁኝ ቬተራኖቹ ናቸው።

ወታደሩ፦ ታዲያ ምን ላድርግ ይላሉ?

ሲስተር፦ ጆሮህ ወይ ጉልበትህ በአገልግሎት ላይ ተጎድቶ የተመዘገበ ነገር አለ?

ወታደሩ፦ ሁለቱም።

ሲስተር፦ እንግዲያውስ ጂ.አይ. ቢሉን ከመንካትህ በፊት ምዕራፍ 31 ስለሚባለው ጠይቅ። አካለ ጉዳት ያለባቸውን ቬተራኖች ወደ ሥራ ለመመለስ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው፤ አማካሪው ከፈቀደልህ ትምህርቱን፣ መጽሐፉን፣ ስቴቶስኮፑን ሳይቀር ይሸፍናል። ካልፈቀደልህ፣ ፕሪሪኪዚቶቹን ርካሽ በሆነው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከቻልክ ከኪስህና በፌዴራሉ የተማሪ ዕርዳታ እየሸፈንክ ጨርስ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለልህ፣ ቨርጂንያ ከሄድክ ደግሞ ኖቫ አለ። ወሮቹን ለነርሲንጉ ዓመታት አስቀምጣቸው።

ወታደሩ፦ ከኪሴ? በአምቡላንስ ደመወዝ?

ሲስተር፦ አምቡላንሱን ልቀቅና ሆስፒታል ግባ። ቨርጂንያ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ፕሮግራም አለ፤ የቀድሞ ሜዲኮችና ኮርፕስማኖች ላይሰንስ እስኪያወጡ ድረስ በሆስፒታሎች ውስጥ በተቆጣጣሪ ሥር ያወቁትን እንዲሠሩ ይፈቅዳል። አንዳንድ የቬተራንስ ሆስፒታሎችም «ኢንተርሚዲየት ኬር ቴክኒሽያን» ብለው ይቀጥሯቸዋል። እዚያ አልጋ ብቻ አትገፋም። ነርሶቹ ምን እንደሚሠሩ ከክፍል በፊት ታያለህ፤ ያልወደድከው እንደሆነም በጊዜ ታውቀዋለህ።

ወታደሩ፦ ይህን ሁሉ ለምን ማንም አልነገረኝም? ስንሰናበት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ ላይ አስቀምጠውን ነበር፤ ሬዙሜ አጻጻፍ፣ ክራቫት አስተሳሰር።

ሲስተር፦ ድሮም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ጂ.አይ. ቢል በ1944 ሲወጣ ሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ወታደሮችን ኮሌጅ አስገብቷል፤ በ1947 ኮሌጅ ከገባው ተማሪ ግማሽ ያህሉ ቬተራን ነበር። ወረቀቱ ላይ ጥቁሩም ነጩም እኩል ነበር። ግን በደቡብ በኩል ያሉት ኮሌጆች ጥቁሩን አያስገቡም፤ የጥቁሮቹ ኮሌጆች ደግሞ ሞልተው በሩ ላይ የሚመለሰው ብዙ ነበር። ገንዘብ መፍቀድ ሌላ፣ በሩን መክፈት ሌላ።

ወታደሩ፦ በነገራችን ላይ፣ እናቴ ለሰው ስትናገር ወታደር ነበር አትልም። ጦሩ ማለት ትታ «ውጭ አገር ይሠራ ነበር» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን አንድ አዛውንት «ለሰው አገር ለምን ትዋጋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ዜግነቴን ያገኘሁት በዚያው በአገልግሎቴ ነው፤ የማን አገር እንደሆነ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? አሁን ደግሞ ነርስ ስሆን፣ ጓደኞቼ ሴት ሆንክ ይሉኛል።

ሲስተር፦ የአሜሪካ ጦር ራሱ እስከ 1955 ወንድ ነርስ በመኮንንነት አይቀበልም ነበር፤ ጓደኞችህ ከዚያ ዘመን አልወጡም በላቸው። የእናትህን ተወው፣ እሷ ፈርታ ነው። እንቅልፍህስ?

ወታደሩ፦ ደህና ነው።

ሲስተር፦ እንደሱ አትበለኝ።

ወታደሩ፦ ...ሌሊት ሥራ የመረጥኩት ለምን ይመስልዎታል? ቀን ላይ ይሻለኛል።

ሲስተር፦ ቬት ሴንተር የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ ከ1979 ጀምሮ ከቪየትናም ለተመለሱት ተብለው የተከፈቱ። ሲልቨር ስፕሪንግም አለ። ጦር ሜዳ ለነበረ ሰው ምክሩ በነፃ ነው። ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳው ቢሮ ቀድመህ ተመዝገብ። ፈተና ላይ ብቻህን ጸጥ ያለ ክፍል ይሰጡሃል። ፈተና ከወደቁ በኋላ የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ ያኔ የሚደረግ ነገር ትንሽ ነው። ወታደሮቹ ደግሞ ሁሉም ኋላ ነው የሚመጡት።

ወታደሩ፦ እርዳታ መጠየቅ አልተማርንም።

ሲስተር፦ እንዴት? ሄሊኮፕተር በሬዲዮ አልጠራህም?

ወታደሩ፦ (እየሳቀ) እሱማ ዘጠኝ መስመር ነው፤ ቦታህን፣ የቁስለኛ ብዛትህን፣ ምን እንደሚያስፈልግህ በተራ ትናገራለህ።

ሲስተር፦ ያንኑ አድርግ። አንተም እኮ ለእኛ የምታስተምረው አለህ። ቱርኒኬትን እኔ ስማር በመጨረሻ፣ እጅ እግር ሊቆረጥ ሲል ነው የምታስሩት ብለው ነበር ያስፈራሩን። አሁን የገበያ ማዕከል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ወታደሩ፦ ከእኛ ነው የመጣው! ፍራንክ በትለር የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 ያወጣው መመሪያ ነው የቀየረው። መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያ ሌላውን አስብ አለ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ስንቱን አዳነ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሲቪሉ «ስቶፕ ዘ ብሊድ» ብለው አወጡት።

ሲስተር፦ ተማሪዎቼን እሱን ታስተምርልኛለህ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ። የክፍላችን ኃላፊ እዚያው ትይህ። ከዚያ በኋላ «ይህን ሰው ደም ማቆም አስተምሩት» ብላ ወረቀት ላይ ለመፈረም እጇ ይከብዳታል።

ወታደሩ፦ የመጀመሪያው ቀን ፈተና ነገርስ?

ሲስተር፦ በስብሰባ አነሣዋለሁ። ግማሹ ይቃወመኛል፤ ላይሰንሳችንን ያስነጥቀናል፣ አክሬዲቴሽን ይመጣብናል ይላሉ። መጀመሪያ ክሊኒካሉን አንዝለል፣ ፈተናውን ግን እንስጥ እላቸዋለሁ። ምን እንደሚያውቁ ሳናውቅ ነው የምናስተምራቸው። የስንብት ወረቀትህ፣ ዲዲ-214ህ የት ነው?

ወታደሩ፦ እናቴ ዘንድ፣ ከልደት ካርዱ ጋር።

ሲስተር፦ እሱን፣ የጦሩን ትራንስክሪፕት፣ የኢ.ኤም.ቲ. ላይሰንስህንና የጉዳት ምዘናውን ደብዳቤ ይዘህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና።

ወታደሩ፦ ከእናቴ ጋር?

ሲስተር፦ ብቻህን። እሷ ከመጣች ፎርሙን አንሞላም፤ ቡና ነው የምንጠጣው።